የእንጀራ እናት በተረት ውስጥ

ለአዘጋጁ፦

ጥንታዊ ተረቶች ለልጆች ስለሚያስተላልፉት ጎጂ መልእክት ያወጣችሁት ጽሑፍ በልዕልቶች ቁንጅና ላይ ብቻ በማተኮሩ፣ ከዚያ የከፋ የሚመስለኝን የእንጀራ እናትን ጉዳይ ዘሎታል። ጀርመናዊዎቹ ተረት ሰብሳቢዎች ወንድማማቾቹ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተሙት የ«ስኖው ዋይት» ተረት ልጅቷ እንድትገደል የምታዝዘው ወላጅ እናቷ ነበረች፤ በ1819ኙ እትም ግን፣ የእናትነትን ክብር ለመጠበቅ ይመስላል፣ ክፋቱ ሁሉ ለእንጀራ እናት ተሰጠ። የአርታኢ ውሳኔ እንደ ሰው ባሕርይ ሲነገር ኖረ ማለት ነው። የእኛም ተረቶች ከዚህ የጸዱ አይደሉም። እዚህ ጎንደር በእንጀራ እናት እጅ የሚያድግ ልጅ ይህን በክፍል ውስጥ ሲሰማ አሳዳጊውን በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም። ተረቶቹ ይታገዱ አልልም፤ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ካነበቡ በኋላ ተማሪዎቹ ታሪኩን በእንጀራ እናቲቱ አንደበት መልሰው እንዲተርኩት ያድርጉ።

አንድ አንባቢ፣ ከጎንደር