ሂተሩን የት ነው የሰካችሁት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ኅዳር ሲታጠን ካለፈ ወዲህ የአዲስ አበባ ብርድ ብሶበታል። ማታ ማታ ጋቢም አልበቃ ብሏል። በየሱቁ ደጃፍ ሂተር ተደርድሮ ይታያል፤ በእኛ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይም የሂተር ካርቶን ይዞ የሚወጣ ሰው በዝቷል። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቤት ሽቦ ስዘረጋና ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለፈው ሳምንት ያየሁት ነገር ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቤት ውስጥ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተኛል፤ የሚቃጠል ነገር ግን አላገኘሁም» አለች። አብሬያት ገባሁ። ሽታው በቀጥታ ወደ ሶፋው ጀርባ ወሰደኝ። እዚያ አንድ ነጭ ዲቫይደር ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ቴሌቪዥኑ፣ ዲሹ፣ የስልክ ቻርጀሩና አዲሱ ባለ 2,000 ዋት ሂተር ሁሉም እሱ ላይ ተሰክተዋል። ሂተሩ የተሰካበት ቀዳዳ ቡናማ ሆኖ መቅለጥ ጀምሯል። ትንሹ ልጇ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል።

ብሬከሩን አጥፍቼ ሂተሩን ነቀልኩት። እሷም ወዲያው ጠየቀችኝ፦ «ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልወረደም?»

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ብዙ ሰው ብሬከር ካለ እሳት የለም ብሎ ያስባል። ብሬከር ግን የሚያየው በሽቦው የሚያልፈውን የኮረንቲ መጠን ብቻ ነው። 2,000 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 9 አምፔር ይሆናል። የሶኬቱ ብሬከር 16 አምፔር ነው። ለእሱ ሁሉ ሰላም ነው። የዲቫይደሩ ውስጥ ነሐስ ላልቶ ፕለጉን በደንብ እንደማይጨብጥ አያውቅም። ኮረንቲ በላላ መገናኛ ሲያልፍ ደግሞ እዚያችው ነጥብ ላይ ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ ነሐሱን ይበልጥ ያላላዋል፤ የላላው ይበልጥ ይሞቃል። እንዲህ እየተባባሰ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ቀጥሎ መጋረጃው ወይም ሶፋው ይያያዛል። ብሬከሩ የሚወርደው ሽቦዎቹ ቀልጠው ሾርት ካደረጉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እሳቱ ሶፋው ላይ ወጥቷል።

ያን ዲቫይደር ቤቴ ወስጄ ከፈትኩት። ጀርባው ላይ 16 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ያለው ሽቦ ግን ለሬዲዮ እንኳ የሚያሳሳ ነው። ገበያ ላይ እንዲህ ያለው ሞልቷል። ስለዚህ የተጻፈውን አትመኑ። ዲቫይደር ለቴሌቪዥን፣ ለቻርጀርና ለመሳሰለው ነው። ሂተር፣ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ካውያና የውሃ ማሞቂያ ከግድግዳው ሶኬት ብቻ ይሰኩ። የግድግዳው ሶኬትም ራሱ ፕለጉን ጥርቅም አድርጎ መያዝ አለበት። ፕለጉ ከተወዛወዘ ወይም ሲሰካ የመንጣጣት ድምፅ ካሰማ ሶኬቱ ይቀየር። ከጠቅላላ የቤት ወጪ ሲታይ ዋጋው ምንም አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ 16 አምፔር ማለት ነው። እንጀራ እየተጋገረ በዚያው መስመር ሂተሩ ከበራ 25 አምፔር ይደርሳል። ለሶኬት የሚዘረጋው ሁለት ነጥብ አምስት የምንለው (2.5 ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ ደግሞ አቅሙ 20 አምፔር አካባቢ ነው። ስለዚህ ብሬከሩ ይወርዳል። ሥራውን ነው የሠራው። ግን «ይሄ ብሬከር አስቸገረን» ተብሎ ባለሙያ ይጠራና በ32 አምፔር ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይበስላል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን መሆኑን ደንበኛው ላያውቅ ይችላል፤ ባለሙያው ግን ያውቃል። በድሮ ቤቶች ደግሞ የተቃጠለ ፊውዝ በቀጭን ሽቦ ይታሰር ነበር። እኔም በወጣትነቴ ደንበኛ ለማስደሰት ያደረግኩበት ቀን አለ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

በእኛ አገር ያለ ሌላ ጣጣ መብራት መሄዱ ነው። ሂተር በርቶ ሳለ መብራት ይሄዳል። ሰውየው ጨለማ ውስጥ ተነስቶ ይተኛል፣ ወይም ቤቱን ቆልፎ ይወጣል። ሂተሩ ላይ ፎጣ ወይም ካልሲ ሊደርቅ ተሰጥቷል። መብራቱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይመጣል። የሚሆነውን መገመት አያቅትም። ስቶቭም ምጣድም ካውያም እንደዚሁ ነው። መብራት ሲሄድ ሻማ ከመፈለጋችሁ በፊት የሚሞቀውን ዕቃ ሁሉ፣ ከዚያም ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ንቀሉ። ሲመጣም ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ወዲያው አትሰኩ፤ አምፖሉን ለጥቂት ደቂቃ እዩት። እንደ ወትሮው ከሆነ ጥሩ። አለቅጥ ደምቆ ካበራ ወይም ከፍ ዝቅ ካለ ኑትራሉ፣ ማለትም ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ፣ ላልቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ በ905 ደውሉ። ኑትራል ሲቋረጥ 220 መሆን የነበረበት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። የአንድ ብሎክ ቴሌቪዥን በአንድ ምሽት የሚያልቀው እንዲህ ነው።

ስለ መታጠቢያ ቤት አንድ ቃል ብቻ። «ቧንቧው ትንሽ ይነዝራል፣ ለምደነዋል» የሚሉ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል። አይለመድም። ግራውንዱ፣ ማለትም ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ፣ አልታሰረም ማለት ነው፤ ወይም የውሃ ማሞቂያው ውስጥ ውሃውን የሚያሞቀው ብረት ተበስቷል። ማሞቂያውን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። ኮረንቲ ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ ብሬከርም አለ። ለመታጠቢያ ቤት ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱ አይቅር።

አሁን ወደ ብርዱ ልመለስ። ለነገሩ ጎረቤቴ ቤት ሂተሩን ካነሳሁ በኋላ መጀመሪያ ያየሁት የበሩን ሥር ነው። ሁለት ጣት ያስገባል። ከደረጃው የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር እግር እግር ይላል። ያንን ክፍተት ሳይደፍኑ ሂተር ማብራት ደረጃውን ማሞቅ ነው። ባለ 2,000 ዋት ሂተር በአምስት ሰዓት 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ምጣዳችሁ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ቢበራ እንደማለት ነው። ስለዚህ ከሂተር በፊት ላስቲክ፣ ስፖንጅ፣ ካልሆነም የተጠቀለለ አሮጌ ብርድ ልብስ ከበሩ ሥር ይደረግ። የመስኮቱ ብረትና ግድግዳው የሚገናኙበት ሲሚንቶ ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ ነው፤ በሲልከን ይሞላ። ወፍራም መጋረጃ ከመሸ በኋላ እስከ ወለሉ ይውረድ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ኮርኒስ ከሌላችሁ ገንዘባችሁን መጀመሪያ እዚያ ላይ አውሉት፤ ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ቆርቆሮ ደግሞ አይዘውም።

ፀሐይንም አንርሳ። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ያለው ቤት ቀን መጋረጃውን ገልጦ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢዘጋው ልዩነቱን ራሱ ያየዋል። ለመኝታ ደግሞ የፍል ውሃ ላስቲክ ከእግር ሥር ማስቀመጥ ክፍሉን ሁሉ ከማሞቅ ይሻላል። ሂተር በርቶ መተኛት አልወድም። ለአንድ ሰዓት አብሩት፣ ከአልጋና ከመጋረጃ አንድ ሜትር አርቁት፣ ስትተኙ ንቀሉት።

በሩን ድፈኑ ስል ግን አንድ ነገር አስፈራኝ። ከሰል የሚያነድ ሰው ይህን ምክር እንዳይሰማ። ቡና የተፈላበትን ፍም «ጭሱ አልቋል» ብሎ መኝታ ቤት የሚያስገባ ብዙ ነው። የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም። ፍሙ ቀይ ሆኖ ሲያምር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይጣበቃል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው፤ ሰው ጉንፋን ወይም የምግብ መመረዝ ይመስለዋል። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ካመመው ጥርጣሬ አያሻም፤ መጀመሪያ ሁሉም ወደ ደጅ ይውጣ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት። ወተት ማጠጣት አይፈታውም። ፍሙ ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይቅር፤ በር ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም።

የእሳት አደጋ ቁጥር 939 ነው። ከመደወላችሁ በፊት ግን ብሬከሩን አውርዱ፣ ኮረንቲ ያለበት እሳት ላይም ውሃ አትድፉ።

ይህን ያነበበ ሰው ዛሬ ማታ አንድ ነገር ይሞክርልኝ። ሂተሩ ግማሽ ሰዓት ከበራ በኋላ የፕለጉን ላስቲክ በእጁ ይንካው። ለብ ካለ ምንም አይደለም። እጅ አላስቀምጥ ካለ ብሬከሩን ያጥፋ፣ ይንቀለውና ነገ ጠዋት ሶኬቱን ያስቀይር።

ጡረተኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣
ከአዲስ አበባ