ሹማን አሥራ ሰባት ክፍል አላሳተመም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጀርመናዊው አቀናባሪ ሮበርት ሹማን የፒያኖ ሥራ፣ «ሲምፎኒክ ኢቱዶች» (የሥራ ቁጥር ወይም ኦፐስ 13፤ ኢቱድ ማለት የጨዋታ ችሎታን የሚፈትን አጭር ሙዚቃ ነው) ባወጣችሁት ጽሑፍ ሥራው ከመነሻ ዜማው ሌላ አሥራ ሰባት ክፍሎች እንዳሉት ተገልጿል። ይህ ሹማን በሕይወት ሳለ አሳትሞት የማያውቅ ድምር ነው።

መነሻ ዜማው ባሮን ፎን ፍሪከን ከተባለ ሙዚቃ አፍቃሪ የተገኘ ሲሆን፣ ሹማን ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1834 ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ጽፎ ብዙውን ጣለ፤ በ1837 በቪየናው አሳታሚ ሃስሊንገር በኩል ያሳተመው አሥራ ሁለት ኢቱዶችን ብቻ ነበር። ሥራውን ያበረከተው ለእንግሊዛዊው አቀናባሪ ዊልያም ስተርንዴል ቤኔት ነው። የመዝጊያው ኢቱድ ኩሩዋን እንግሊዝ ከሚያወድስ የጀርመናዊው አቀናባሪ የማርሽነር ኦፔራ ዜማ መነሣቱም ለዚሁ ይመስላል።

በ1852 ደግሞ ርእሱን «በቫሪዬሽን መልክ የተጻፉ ኢቱዶች» (ቫሪዬሽን ማለት አንድን ዜማ እየለዋወጡ መጻፍ ነው) ብሎ ለወጠና 3ኛውንና 9ኛውን አወጣ፤ አጻጻፉንም እዚህም እዚያም ነካካው። ምክንያቱ ከአዲሱ ርእስ ይገመታል፦ ሁለቱ ከመነሻ ዜማው ርቀው የሄዱ ናቸው። በጆሮ ሲመዘን ግን ቅነሳው ጎድቷል። 8ኛው ኢቱድ ከባድና ግርማ ያለው፣ 10ኛው ደግሞ ፋታ የማይሰጥ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ፈጣንና ቀላል 9ኛ ሲጠፋ አድማጭ መተንፈሻ ያጣል። 3ኛው ሲቀርም ኢ ሜጀር የተባለው የድምፅ መደብ (ሙዚቃው የሚቆምበት መሠረት) የሚሰማው በ7ኛው ብቻ ይሆናል። ሹማን በ1856 ከሞተ በኋላ የወጣው ኅትመት ሁለቱንም መልሷቸዋል፤ ደግ አደረገ።

ሹማን ከጣላቸው መካከል የተረፉት አምስት ቫሪዬሽኖች፣ ከአሥራ ሁለቱ ጋር አሥራ ሰባት የሚሆኑት፣ በአቀናባሪው ብራምስ አማካይነት የታተሙት በ1873 ነው። ውብ ናቸው፤ ሹማን ግን ሁለት ጊዜ ሲያሳትም ሁለቱንም ጊዜ ትቷቸዋል። ብዙዎቹ የተረጋጉና ሕልም መሰል ስለሆኑ፣ በኢቱዶቹ መካከል ሲበተኑ ግስጋሴውን ይሰብራሉ። ዋናው ችግር አምስተኛው ነው፤ የድምፅ መደቡ ዲ ፍላት ሜጀር ነው። በአሥራ ሁለቱ ውስጥ ይህ መደብ እስከ መዝጊያው ድረስ ተቆጥቦ የቆየ ነው። 11ኛው ኢቱድ በጂ ሻርፕ ማይነር ነው፤ ጂ ሻርፕ በፒያኖ ላይ ከኤ ፍላት ጋር አንድ ቁልፍ ነው፤ ኤ ፍላትም የዲ ፍላት መደብ አምስተኛ ድምፅ ስለሆነ በቀጥታ ወደዚያ ያደርሳል። በዚህ መግቢያ በር ላይ አምስተኛው ቫሪዬሽን ሲሰካ፣ የመዝጊያው ብርሃን አስቀድሞ ይበላል። ማስገባት የግድ ከሆነ ከ7ኛው ኢቱድ በፊት ይግባ፤ የተሻለው ግን አምስቱን አንድ ላይ፣ ከዋናው ሥራ ለይቶ መጫወት ነው።

ቁጥሩም ያሳስታል። የ1837ቱ የኢቱዶች አቆጣጠርና የ1852ቱ የቫሪዬሽኖች አቆጣጠር ጎን ለጎን በሚታተሙባቸው ኖታዎች ላይ 4ኛው ኢቱድ «ቫሪዬሽን 3» ተብሎ ይገኛል፤ ከተረፉት አምስቱ መካከልም ሌላ 3ኛ ቫሪዬሽን አለ። ስለዚህ በመርሐ ግብር ላይ የኅትመቱ ዓመት ይጻፍ፣ አምስቱም በራሳቸው ተራ ቁጥር ይለዩ። በቅጂ ለሚያዳምጡ አንባቢዎቻችሁም እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ከተቆጠረ፣ መነሻ ዜማው ተጨምሮ 11 ከሆነ የ1852ቱ፣ 13 ከሆነ አሥራ ሁለቱ፣ 18 ከሆነ አምስቱ የታከሉበት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ