የሥነ ጥበብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የኤትሬታን ገደል በዘይት ቀለም

ክበባችን በዚህ ዓመት ከእርሳስና ከውኃ ቀለም አልፎ ወደ ዘይት ቀለም የተሸጋገረ ሲሆን፣ ዓመቱን በሙሉ የሠራበትም አንድ ሥዕል ብቻ ነው። ይኸውም ፈረንሳዊው የእውናዊነት ሠዓሊ ጉስታቭ ኩርቤ እ.ኤ.አ. በ1869 በኖርማንዲ ጠረፍ በምትገኘው በኤትሬታ ከቆየ በኋላ፣ በ1870 ሳሎን በተባለው የፓሪስ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ለእይታ ያቀረበውና ዛሬ በዚያው በፓሪስ በኦርሴ ሙዚየም የሚገኘው «ከማዕበል በኋላ የኤትሬታ ገደል» የተባለው ሥራ ነው።

አብዛኞቹ አባላት ባሕርን በዓይናቸው አይተው ስለማያውቁ፣ «ለምን እንጦጦን አንሥልም?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎችም ከባልደረቦቼም ተነሥቷል። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ተራራ ፊት ለፊት የተቀመጠ ጀማሪ ብርሃኑ በየሰዓቱ እየተለዋወጠበት፣ የቱን እንደሚሥልና የቱን እንደሚተው እየመረጠ፣ ቀለም መደባለቅንም በዚያው ገና እየተማረ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መወጣት ይቸግረዋል። ያለቀ ሥዕል የሚቀዳ ተማሪ ግን ምርጫው ተመርጦ ስለሚጠብቀው፣ የሚቀረው ሠዓሊው የሄደበትን መንገድ መከተል ነው።

ሸራውን ራሳችን አዘጋጀን። በእንጨት ክፈፍ ላይ አቡጀዲ ወጥረን በኮላና በጀሶ ቀባነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሸራዎች ጀሶ በዝቶባቸው ስለተሰነጣጠቁ ተጣሉ። ዋናው ሥዕል 133 በ162 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ የእኛን በግማሽ አሳንሰን፣ የምንቀዳበትን የሥዕሉን ኅትመትም ሸራውንም በእኩል ቁጥር ባላቸው አራት ማዕዘኖች ከፋፍለን ንድፉን አሰፈርን። ኩርቤ ከጥቁረት ወደ ብርሃን መሥራት ይወድ ስለነበር እኛም መደቡን በቀጭን ቡናማ ቀለም ሸፈንነው።

ከሁሉ የከበደን የገደሉ ነጭነት ነው። የኤትሬታ ገደል የኖራ ድንጋይ በመሆኑ ሁሉም ነጩን ቀለም ከቱቦው እንደወጣ ለጠፉት፤ ገደሉም ተቆርጦ የተለጠፈ ወረቀት መሰለ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ንጹሕ ወረቀት ቀዳድዳ በኅትመቱ ላይ ብታስቀምጠው፣ ነጭ ያልነው ሁሉ ግራጫና ቢጫማ ሆኖ ታየ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ገደሉን ሳንነካ ነጭን ከኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ ከኡምበር (አፈርማ ቡናማ) እና ከጥቂት አልትራማሪን (ደማቅ ሰማያዊ) ጋር ስንደባልቅ ቆየን። ለእኔ የዓመቱ ትምህርት ይህ ነበር፤ ሥዕሎቹ ቢበላሹ እንኳ አልቈጭም ነበር።

አንዱ ሥዕል በእርግጥም ተበላሽቷል፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ውኃ ቀለም በመትነን ሳይሆን ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ስለሚጠነክር፣ የታችኛው ንብርብር በአኳራጅ የቀጠነ፣ የላይኛው ደግሞ የተልባ ዘይት የበዛበት መሆን አለበት። ይህን ሕግ ዘግይቼ በመናገሬ አንድ ቡድን ሰማዩን በተገላቢጦሽ ሠርቶት ከሁለት ወር በኋላ ተሰነጠቀ። በዘይት የራሰ ጨርቅ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል እንደሚችል ግን ከመጀመሪያው ቀን ስለነገርኋቸው፣ ጨርቃችን ሁሉ ውኃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

ኩርቤ ቀለምን በብሩሽ ብቻ ሳይሆን በስፓቱላም ይለጥፍ እንደነበር ይታወቃል። ኅትመት ግን የቀለምን ውፍረት አያሳይም። ስለዚህ ድንጋዩ ላይ ስፓቱላው የት እንዳረፈ በግምት ሠርተናል፤ እዚህ ላይ ሥራችን ቅጂ ነው ለማለት አልደፍርም።

ሦስቱ የተጠናቀቁ ሥዕሎች በቤተ መጻሕፍቱ ተሰቅለዋል። የኩርቤን ፊርማ አልቀዳንም፤ በየሸራው ጀርባ «ከኩርቤ የተቀዳ» ብለን የሠሩትን ተማሪዎች ስም ጽፈናል። ወፍራሙ ቀለም ውስጡ ድረስ እስኪደርቅ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ስለሚወስድ ቫርኒሽ የሚቀቡት በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ እስከዚያው አንባቢዎች በጣታቸው እንዳይነኩብን እንለምናለን።