የድሃ ድሃዎችን ዝርዝር በአደባባይ ለጥፉልን

ይድረስ በጅማ ከተማ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የድሃ ድሃ አባላትን ዝርዝር ለሚያጸድቁት ክቡር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት በቢሮ በኩል ያስገባናቸው ማመልከቻዎች ሁሉ የውሃ ሽታ ስለሆኑብን ነው። በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ ጽፈን፣ የዕድራችንን ማኅተም አሳርፈን፣ መዝገብ ቤት አስገብተን፣ ገቢ የሆነበትን ቁጥር ተቀብለናል። ከዚያ ወዲህ የሰማነው «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «መስክ ወጥተዋል»፣ «ፋይሉ ሌላ ክፍል ነው ያለው» የሚል ብቻ ነው። አንድም ሰው ጥያቄያችሁ ልክ ነው ወይም ስህተት ነው አላለንም። እንግዲህ በር ዘግታችሁ ያልመለሳችሁልንን የከተማው ሰው እየሰማ ልጠይቃችሁ።

ጉዳዩ ሳይነገራቸው ከዚህ መድን ስማቸው የተሰረዘ የአንዲት እናት ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ችግራቸው እንጂ ስማቸው የአደባባይ ነገር አይደለም። እርስዎ ዘንድ ግን በማመልከቻችን ላይ ከነአያታቸው ተጽፎ ይገኛል። እኚህ እናት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በቡና ለቀማ ነው። የጅማን የቡና መጋዘኖች የሚያውቅ ሰው ሥራውን ያውቀዋል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከጤነኛው እየለዩ መዋል፣ ማታ በለቀሙት ልክ መከፈል። ውል የለውም፣ ጡረታ የለውም፤ ወገብና ዐይን ግን ይጨርሳል። ባለቤታቸውን የቀበሩት ከብዙ ዓመት በፊት ነው። የሚኖሩት ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ዕድራችን ወርሃዊ መዋጮ ካነሳላቸው ቆይቷል፤ ይህንንም የወሰነው ጠቅላላ ጉባኤው እጅ አውጥቶ፣ አንድ ሰው እንኳን ሳይቃወም ነው። ሰፈሩ ችግረኛው ማን እንደሆነ ያውቃል። ዕድር የሰውን ቤት የሚያውቀው በሐዘኑም በረሃቡም ቀን ገብቶ ስለሚያየው ነው።

ደም ግፊትና ስኳር አለባቸው። የድሃ ድሃ ተብለው፣ መዋጯቸውን መንግሥት እየሸፈነላቸው በጤና መድኑ ስለታቀፉ ለዓመታት በየወሩ ጤና ጣቢያ እየሄዱ ሲታዩ፣ አምሎዲፒንና ሜትፎርሚናቸውን ሲቀበሉ ኖረዋል። መድኃኒት ከጤና ጣቢያው በሚጠፋበት ወር ከውጭ ግዙ ይባላሉ፤ ያን ጊዜ ጎረቤት ያዋጣል። የመድኃኒቱ መጥፋት ራሱን የቻለ በደል ነው፤ ዛሬ ግን በእሱ አልመጣሁም።

ዘንድሮ እንደ ወትሯቸው ካርድ ክፍል ደረሱ። ሠራተኛዋ የአባልነት ደብተራቸውን ገለጠች። በደብተሩ ላይ የየዓመቱ እድሳት ማኅተም የሚያርፍባቸው ሳጥኖች አሉ። ያለፉት ዓመታት ሳጥኖች ሰማያዊ ማኅተም አርፎባቸዋል፤ የዘንድሮው ባዶ ነው። «እማማ፣ አልታደሰም፤ ቀበሌዎ ይሂዱ» አለቻቸው። ሠራተኛዋን አልወቅሳትም፤ ያየችውን ነው የነገረቻቸው። ወደ ቀበሌ ስንሄድ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። መዝገቡ ተገለጠ። ስማቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ተሰምሮበታል። ከጎኑ በምክንያት ዓምድ ሥር «ልጅ ዐረብ አገር» ተብሎ ተጽፏል። ከዚህ ሌላ የተጻፈ የለም፤ ማን እንዳለ፣ መቼ እንደተጣራ፣ በየትኛው ስብሰባ እንደተወሰነ አይገልጽም።

ክቡር ሆይ፣ ልጃቸው እርግጥ ሄዳ ነበር። ከጅማና ከዙሪያዋ ስንት ልጅ ሄዷል! ግን ተመልሳለች። የተመለሰችውም ገንዘብ ይዛ ሳይሆን ጤናዋን ጥላ ነው። ዛሬ በዚያችው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ናት። ከሰው ጋር አትነጋገርም፤ ብዙ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። የሚያበሏትና የሚያጥቧት እናቷ ናቸው። ታግዛቸዋለች ተብሎ ስማቸው የተሰረዘባት ልጅ የእሳቸው ሁለተኛ ሸክም ናት። ስሙን የሰረዘው ሰው ከመሰረዙ በፊት ያችን በር አንድ ጊዜ ቢያንኳኳ ልጅቷን ራሷን ያገኛት ነበር። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት እስከ እሳቸው ቤት በእግር የሚኬድ መንገድ ነው፤ ባጃጅ እንኳን አያስፈልገውም።

ደግሞስ ልጅቷ ዛሬም ዐረብ አገር ብትሆን ኖሮ? ልጅ ዐረብ አገር የሄደበት ቤት ሁሉ ችግሩ አለቀለት የሚል መመሪያ የት ነው ያለው? ደመወዟን አሠሪዋ የያዘባት፣ ስልኳ የተቀማ፣ የሄደችበትን የደላላ ዕዳ ገና ያልጨረሰች ልጅ ስንት ናት? ድህነት የሚመዘነው ቤት ውስጥ ባለው ነገር ነው ወይስ ሰፈር ውስጥ በሚወራው?

የባሰው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ዕድራችን ጉዳዩን ሲሰማ ተሰብስቦ «እንግዲያው እንደ መደበኛ አባል ከፍለን እናስገባቸው» ብሎ ወሰነ። ብር ይዘን ሄድን። የተሰጠን መልስ «የዓመቱ ምዝገባና እድሳት ተዘግቷል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይመለሱ» የሚል ነበር። ይህን ከእኔ ጋር ሆነው ያስቡት። ስማቸውን ስትሰርዙ አልነገራችኋቸውም። ስላልነገራችኋቸው ከፍለው የሚገቡበት ጊዜ እያለ ሳያውቁ አለፋቸው። ሲያውቁ ደግሞ ጊዜው አልፏል አላችሁ። አንዲት የማስታወቂያ ወረቀት፣ ወይም አንድ የቀበሌ ሠራተኛ በር ላይ ቆሞ የሚናገራት አንዲት ቃል ይህን ሁሉ ታስቀር ነበር። በእናንተ ዝምታ የተፈጠረውን ክፍተት እኚህ እናት ለምንድን ነው በጤናቸው የሚከፍሉት?

አንድ ሠራተኛ፣ ሰው በሌለበት፣ እውነቱን ነገረኝ። «ኮታ ነው፤ በጀቱ የሚበቃው ለተወሰነ አባወራ ነው፤ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም» አለኝ። ስለ ግልጽነቱ አከብረዋለሁ። ግን የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ይመስለኛል። የድሃ ድሃዎችን መዋጮ የሚሸፍነው የመንግሥት በጀት ነው። በጀቱ ሲያጥር ስም መቀነስ ይመጣል፤ ስም ለመቀነስ ደግሞ ምክንያት ይፈለጋል። ያኔ «ልጅ ዐረብ አገር» ይጻፋል። በጀት አንሶ ከሆነ በጀት አነሰን ብላችሁ ንገሩን፤ ሕዝቡ ይስማ፣ ምክር ቤቱም ይጠየቅበት። የሌለ ሀብት ፈጥራችሁ በአንዲት አሮጊት ስም አትጻፉ። ይህ በጀት ማብቃቃት አይደለም፤ በሰው ላይ መዋሸት ነው።

ሌላው ሠራተኛ ደግሞ «ቡሳ ጎኖፋን ጠይቁ» አለን። ቡሳ ጎኖፋ የተቸገረን ወገን ማቋቋሚያ የሆነ የቆየ የኦሮሞ ባህል ነው፤ ክልሉ ይህን ባህል ወስዶ ተቋም ማድረጉንም እደግፋለሁ። ነገር ግን በድርቅ ከብቱ ላለቀበት፣ ከቤቱ ለተፈናቀለ ሰው የሚደርስ እጅ ነው እንጂ የደም ግፊት ክትትል የሚደረግበት ቦታ አይደለም። ለእኚህ እናት በሕግ የተዘጋጀላቸው ቦታ ነበራቸው። ከእሱ ነው ያስወጣችኋቸው።

ሕጉን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ግዴታ ይጥልበታል። የዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 3 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት ለዜጎች ሁሉ ይሰጣል። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አገሪቱ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ አላት። አቅም ካልፈቀደ እሺ፤ ግን አቅም አልፈቀደም የሚባለው ማንን አስቀርቶ ማንን አስገብቶ ነው? ይህ የማይታይ ከሆነ እኩልነቱ በምን ይታወቃል?

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ ወሊድና ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ለሁሉም ሰው በነፃ ናቸው። ደም ግፊትና ስኳር ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ታማሚ የመድኑ ደብተር ማለት መድኃኒቱ ማለት ነው። ደብተሩ ሲወሰድ ምን እንደሚሆን በዐይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ሰሞን ልጠይቃቸው ገብቼ፣ የቀረቻቸውን የክኒን ቅጠል አውጥተው በረከቦታቸው ጠርዝ ላይ አንዷን ክኒን በሽንኩርት ቢላ ለሁለት ሲከፍሉ አገኘኋቸው። ግማሿን ዋጡ፤ ግማሿን በወረቀት ጠቅልለው ለነገ አስቀመጡ። «እንዲህ ሲሆን ይደርሳል» አሉኝ። ሐኪሙ ያዘዘው በቀን አንድ ነው። እርስዎም የጤና ሰው ስለሆኑ ግማሽ ክኒን የደም ግፊት ላለበት ሰው ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግርዎትም። አንድ ቀን እግርና እጃቸው ቢያዝ፣ ያኔ የሚወጣው የሕክምና ወጪ ከዓመት መዋጯቸው ጋር ይወዳደራል?

ይህ ሁሉ የሚሆነው በጅማ መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የእኛው ሊሙ ኮሳ ነበር። ሌላው አገር ገና ሳያውቀው የዚህ ዞን ገበሬ ከኪሱ አዋጥቶ፣ ደብተር ይዞ፣ እንደሚሠራ አሳይቷል። ድሃ የከተማ ነዋሪዎችን የሚደግፈው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ጅማ ከመጀመሪያዎቹ መካከል አልነበረችም፤ በጤና መድን ግን ቀዳሚዎች ነበርን። ቀዳሚ የነበረ አካባቢ ዛሬ ስም አወጣጡንና ስም አገባቡን በቀይ እስክሪብቶና በወሬ ሊመራ አይገባውም።

ዝርዝሩ በአደባባይ ይለጠፍ ስንል «ችግረኛውን ማሳፈር ይሆናል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር በሚሠራበት የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት የተመረጡት ሰዎች ስም ለሕዝብ እንዲታይ፣ ቅር ያለው ሰውም ለቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያቀርብ አሠራሩ ያዝዛል። የገጠሩ ሰው የማያፍርበትን የከተማው ሰው ለምን ያፍርበታል? ደግሞ የትኛው ነው የሚያሳፍረው? ስም ከጎረቤት ስም ጋር ተለጥፎ መታየቱ ነው ወይስ በሽተኛ ሰልፍ ፊት፣ በካርድ ክፍል መስኮት ላይ «አልታደሰም» መባል? እኚህ እናት ያን ቀን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው ነው ከጤና ጣቢያው የወጡት። ዝርዝሩ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምናየው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነበርን፤ ያልተገባ ስም ቢኖርበትም መጀመሪያ የምንናገረው እኛው ነበርን። ተሸፍኖ የሚቀመጥ ዝርዝር የሚጠቅመው ዘመዱን ላስገባ ሰው ነው። በእኛ ቀበሌ እንዲህ ተደርጓል አላልኩም፤ መደረግ አለመደረጉን ግን ማንም ሊያጣራ አይችልም፤ ዝርዝሩን ያየ የለምና።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የእኚህ እናት ስም ዛሬ ይመለስ፤ የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ድረስ አይጠበቅ። ይህ በእርስዎ አንድ ፊርማ የሚሆን ነገር ነው። ካልሆነም ዕድሩ ያዘጋጀውን መዋጮ ተቀበሉና ማኅተሙን ምቱላቸው። ሳይነገራቸው የተሰረዙ ሌሎችም እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሁለቱን እኔው ራሴ ለይቻለሁ። ለእነሱም ከፍለው ወይም ተጣርቶላቸው የሚገቡበት ልዩ ጊዜ ይከፈት። ከእንግዲህ ማንም ሰው ከመሰረዙ በፊት ምክንያቱ በጽሑፍ ይድረሰው፤ ማንበብ ካልቻለም ይነበብለት። ዝርዝሩም ከመጽደቁ በፊት በየቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ፣ በዕድሮችም ይነበብ።

ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ስማቸው እንዲሰረዝ የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ ቅጂ እንዲሰጠን በጽሑፍ ጠይቀናል። አዋጁ ለመልስ የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን መሆኑን ያውቃሉ። ቃለ ጉባኤው ካለ አሳዩን፤ ማን ተገኝቶ ማን እንደመሰከረ እንየው። ከሌለ ደግሞ ያለ ውሳኔ ስም የሰረዘው ማን እንደሆነ ይነገረን። በተባለው ጊዜ መልስ ካልደረሰን ፋይሉን ይዘን ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም እንሄዳለን፤ የዕድሩ ጉባኤም ይህንኑ ወስኖ ፈርሟል።

መልስዎን ግን ለእኔ አይላኩት። ለእሳቸው ይላኩላቸው፤ አድራሻቸው በማመልከቻው ላይ አለ። ሰው ልከው ከሆነ የሚያሳውቁት፣ የተላከው ሰው ወደ ውስጥ ይግባና ልጅቷንም አይቷት ይመለስ።

የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ
ጅማ