«ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው» ላላችሁት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰላምታዬ ከነሙቀቱ ከድሬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሰሞን ፕሪንተር ሲገዛ ምን ምን መታየት እንዳለበት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ኬብሉ ሳይቀር በደንብ ተጽፏል። መጨረሻው አካባቢ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው፣ የተገኘውን መጠቀም ይቻላል» ትላለች። እሷ ላይ ስደርስ የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ። አቦ! እንዴት ያው ወረቀት ይሆናል?

እኔ ከዚራ ውስጥ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የፎቶ ማተሚያ ቤት አለኝ። አንድ ክፍል ናት። አንድ የሌዘር ማሽን (በዱቄት ቀለም የሚያትም)፣ ሁለት ባለ ታንክ ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም እየረጩ የሚያትሙ)፣ አንድ ላሚኔሽን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀን ሙሉ የማያርፍ ቬንትሌተር አለኝ። ጧት ጧት የትምህርት ቤት ወርክሺትና የኪራይ ውል ይታተማል። ከሰዓት ከተማው በሙቀቱና በበርጫው ጭር ሲል ፎቶ አትማለሁ። በዚህ ሥራ ከደረሰብኝ ኪሳራ አብዛኛው በማሽን አልነበረም፣ በወረቀት ነው። ስለዚህ ቅር አይበላችሁና ልጻፍ።

ከቁልቢ ልጀምር። ከሦስት ዓመት በፊት ለሐምሌ 19 ንግሥ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንዱን ኢንክጄትና አንድ ትንሽ ጄኔሬተር ጭነን ወደ ቁልቢ ገብርኤል ወጣን። ያሰብነው ምዕመኑን ፎቶ አንስተን እዚያው አትመን ልንሰጥ ነው። ወረቀቱን ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ማሸጊያው ላይ የፏፏቴና የበቀቀን ሥዕል አለበት፤ 230 ግራም፣ «ሃይ ግሎሲ» ይላል። ዋጋው ከሌላው በግማሽ ያነሰ ነው። ደስ ብሎኝ አሥር ፓኬት ተሸከምኩ።

ታህሣሥ 19 ላይ ብንሄድ ኖሮ ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር። ሐምሌ ግን ሐምሌ ነው። ቁልቢ እንደ ድሬ አይደለም፤ ደጋ ነው፣ ብርዱም ጭጋጉም አለ። ጧት ያተምነው ሁሉ ሲያብረቀርቅ ዓይን ይወስዳል። ረፋዱ ላይ ዝናቡ ወረደ። ከሐረር የመጡ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር የተነሡትን ፎቶ በነጠላቸው ሸፍነው ሄደው ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ፎቶውን ገልጠው ሲያሳዩኝ የልጁ ፊት ከኋላው ካለው ዛፍ ጋር ተቀላቅሏል። ነጠላው ላይ ደግሞ ሮዝና ሰማያዊ ተንጠባጥቧል። አልተቆጡም። «አንቺ ልጅ፣ ልጁ እኮ ነጠላዬ ላይ ነው ያለው» ብቻ አሉኝ። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው። የሌሎችንም መለስኩ። ማታ ስንቆጥር የቤንዚኑን እንኳ አላገኘንም።

ወንድሜ ቀለሙን ረገመ። እኔም አንድ ሰሞን ቀለሙን ነበር የረገምኩት። ቀለም ቀየርኩ፣ ኖዝሉን፣ ማለትም ቀለሙ የሚረጭበትን ቀዳዳ፣ አሳጠብኩ። (በነገራችን ላይ በሆነ ባልሆነው «ሄድ ክሊኒንግ» የምትጫኑ ሰዎች፣ የሚያጥበው የገዛችሁት ቀለም ነው። አጥቦ ሲጨርስ ማሽኑ ውስጥ ያለ ስፖንጅ ላይ ይደፋል።) ለውጥ የለም። በኋላ አንድ የቆየ ፎቶ አንሺ የተረፈውን ወረቀት ተቀበለኝና ጣቱን በምራቁ አርጥቦ ጀርባውን ነካው። ሳቀብኝ። «ይሄ እኮ ላዩን የተቀባ ካርቶን ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢንክጄት ቀለም አብዛኛው ውሃ ነው። የብዙዎቻችን ማሽን ላይ ያለው ቀለም ደግሞ «ዳይ» የሚባለው ነው፤ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟው ውሃው ውስጥ የሟሟ። ተራ ወረቀት ላይ ሲያርፍ በቃጫው መሐል እየሰረገ ይሄዳል። ፊደሉ ፂም የሚያወጣው ለዚህ ነው። የፎቶ ወረቀት ፊቱ ላይ ቀለሙን ጠጥቶ ባለበት የሚይዝ ሽፋን አለው። ልዩነቱ ከሽፋኑ ሥር ነው። ርካሹ ከሥሩ ወረቀት ብቻ ስለሆነ ውሃ ከጀርባውም ከጠርዙም ይገባበታል። ደህናው ግን በሁለቱም በኩል ስስ ፕላስቲክ ለብሷል። የድሮ የስቱዲዮ ፎቶ ስትይዙ እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁ ልስላሴ የሱ ነው። ነጋዴዎቹ «አርሲ» ይሉታል።

መለየቱ ከባድ አይደለም። አንድ ቅጠል አስወጡና ጀርባው ጥግ ላይ የውሃ ጠብታ ጣሉበት። ከጠጣው ተራው ነው። ጠብታው እንደ ጤዛ ቁጭ ካለ አርሲ ነው። ባለሱቁ ከፈቀደላችሁ ቅደዱት፤ ፕላስቲክ ያለው ዝም ብሎ አይቀደድም፣ ይሳባል። ማት በሚባለው፣ በማያብረቀርቀው ወረቀት ላይ ደግሞ ሁለቱም ፊት አንድ ይመስልና የሚታተምበት የቱ እንደሆነ ግራ ያጋባል። ጣታችሁን በትንሹ አርጥባችሁ ጥጉን ንኩ። ጣት ላይ ያዝ የሚያደርገው ፊት ነው የሚታተምበት።

ርካሹን ጨርሶ አትግዙ አልልም። እኔም እገዛለሁ። ለተማሪ ፕሮጀክት፣ ለምግብ ቤት የዋጋ ዝርዝር፣ ላሚኔት ለሚደረግ ነገር ይበቃል። ለተዝካር የሚሰቀል የእናት ፎቶ ግን በሱ አላትምም። ደንበኛው ቢለምነኝም አላትምም።

ጉርድ ፎቶ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ ልጅ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ያተምኩለትን ጉርድ ፎቶ ይዞ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ፎርሙ ላይ ነው የሚያርፈው። በሚያብረቀርቅ ፊት ላይ የማኅተም ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ሌላ ፎርም ሲደረብበት ክቡ ማኅተም ጉም ይሆናል፣ «ሌላ አምጣ» ይባላል። አሁን ጉርድ ፎቶ የሚያሳትም ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማኅተም ያርፍበታል?» ብዬ ነው። አዎ ካለኝ ማት አወጣለታለሁ።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ደግሞ የሚያጠፋው ፀሐይ ብቻ ይመስላችኋል። አየርም ነው። ቶሎ የሚደርቀው የፎቶ ወረቀት ፊቱ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ቀለሙ የሚገባበት ቀዳዳ አየርም ይገባበታል፤ አየር ውስጥ ያለው ኦዞን ቀስ እያለ ቀለሙን ይበላዋል። ጎረቤቴ የአባቷን ፎቶ ያለ መስታወት መስኮት አጠገብ ሰቅላ ዓመት ሳይሞላው ሰማያዊው ቀለም ሄደና ሰውዬው ቀይ ሆኑ። በሕይወት ሳሉ ቀይ ዳማ ነበሩ፣ ያን ያህል ግን አይደለም። እንደገና አተምኩላትና ባለመስታወት ፍሬም ውስጥ አስገብተን መስኮት ከማያየው ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። እስካሁን ደህና ናቸው።

የማይሟሟ ቀለምም አለ። «ፒግመንት» ይሉታል። ውሃው ውስጥ እንደ ደቃቅ ዱቄት የሚንሳፈፍ ነው። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የብራና መጻሕፍታችን ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ነበር የሚሠራው፣ ጥላሸት ደግሞ ያው ፒግመንት ነው። ዛሬ በብዙዎቹ የካኖን ጂ ማሽኖች ላይ ጥቁሩ ፒግመንት ነው፣ ሌሎቹ ዳይ ናቸው። ለጽሑፍ ግሩም ነው። ተራ ወረቀት ላይ ጥርት ይላል፣ ውሃ ቢነካውም አይፈስም። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ግን ወደ ውስጥ አይገባም፤ ላዩ ላይ ይቀርና በጣት ይነሳል።

ማሽኑ ይህን ያውቃል። የፎቶ ወረቀት መሆኑን ከነገራችሁት ያንን ጥቁር ይተወውና ከሌሎቹ ቀለሞች ጥቁር ቀላቅሎ ያወጣል። ካልነገራችሁት ከየት ይወቀው? የምትነግሩት ደግሞ «ፔፐር ታይፕ» በምትለዋ ቦታ ነው። ከእኔ ጋር የሚሠራው ልጅ እሷን መንካት ሞቱ ነበር። ሁሌም «ፕሌን ፔፐር» ላይ ትቷት የፎቶ ወረቀት ያስገባል። የሙሽራው ጥቁር ሱፍ በእጅ ሲነካ ወደ ሙሽራዋ ቬሎ ይሻገራል። አሁን ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር «ታይፑን አየኸው?» ብዬ ለጥፌበታለሁ።

ሠርግ ካልኩ አይቀር የካርዱንም ልናገር። ወፈር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያምር ወረቀት በርካሽ አገኘሁና 200 የሠርግ ካርድ አተምኩበት። ለካ ማተሚያ ቤቶች ለመጽሔት ሽፋን የሚጠቀሙበት አርት ፔፐር ነው። ያብረቀርቃል፣ ግን ሽፋኑ ለኦፍሴት ቀለም እንጂ ለእኛ ውሃ ቀለም አልተሠራም። በማግስቱም አልደረቀም። ቬንትሌተር ፊት ደረደርኩት፣ አልሆነም። ጣራ ላይ አሰጣሁት። ከሰዓት ነፋስ ተነሣና ካርዱን ለሰፈሩ አደለልኝ። ያልታሰበ ጎረቤት ሁሉ ሠርግ ተጠራ። በራሴ ወጪ እንደገና አተምኩ።

የዚህ ተገላቢጦሽ የባሰ ነው። አንዲት ጸሐፊ የተረፈ የኢንክጄት ፎቶ ወረቀት ከእኔ ወስዳ የቢሮዋ ሌዘር ማሽን ውስጥ ከተተችው። ሌዘር ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው 200 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ ሙቀት ነው። የወረቀቱ ሽፋን ቀለጠና የሚግለው ሮለር ላይ ተጠመጠመ። ጥገናው ስንት እንደፈጀ አልጠየቅኳትም። እሷም ወረቀቱ ከየት እንደመጣ ለአለቃዋ አልነገረችም፣ ተመስገን።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ ወደ ተራው ወረቀት። «ሰማንያ ግራም» ስንል አንድ ካሬ ሜትር ወረቀት 80 ግራም ይመዝናል ማለታችን ነው። አሥራ ስድስት ኤፎር ሲገጣጠም አንድ ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ አንዷ ቅጠል 5 ግራም ናት። 500 ቅጠል ያለው ደስጣ ደግሞ 2 ኪሎ ተኩል ይሆናል። 70 ግራም ከሆነ ወደ 2 ኪሎ ከ190 ነው። ሂሳቡ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ነጋዴ «80 ግራም» የተባለ አንድ ካርቶን ገዛሁ። አምስት ደስጣ ነው። ማሽኑ በየደቂቃው ሁለት ሁለት ቅጠል ይጎትታል፣ ይነክሳል። ፊትና ጀርባ ሳትም የወዲያኛው ጽሑፍ እዚህ ይነበባል። ማሽኑ አረጀ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ቀፊራ በርበሬ ልገዛ ስሄድ አንዱን ደስጣ በፌስታል ይዤ ሄድኩና ባለበርበሬዋን «እስቲ ይሄን መዝኚልኝ» አልኳት። ከነማሸጊያው 2 ኪሎ ከ200 አካባቢ ሆነ። «ወረቀት በኪሎ ጀመርሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ቤት ተመልሼ ቅጠሉን ቆጠርኩት። ልክ 500 ነው። ቁጥሩ አልተነካም፣ ግራሙ ነው የተሰረቀው። ነጋዴውን ስጠይቀው «እንደመጣልኝ ነው የምሸጠው» አለኝ። ሊሆንም ይችላል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሳልመዝን አልገዛም። መጀመሪያ ያፍሩብኝ ነበር፣ አሁን ሲያዩኝ ራሳቸው ሚዛኑን ያቀርቡልኛል።

70 ግራም መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ለፎቶ ኮፒ ይሠራል፣ በአንድ ፊት ብቻ ለሚታተም ረቂቅም ይሆናል። በ70 ግራም ዋጋ ከተሸጠልኝ ምን ገዶኝ። ግን ኢንክጄት ላይ ቀለሙ እርጥብ ነውና ስስ ወረቀት ይጨማደዳል፣ በተለይ ሥዕል የበዛበት ገጽ እንደ ቆርቆሮ ይወዛወዛል። ለሱ ከ90 እስከ 100 ግራም ያለው ይሻላል።

የተከፈተ ፓኬት ደግሞ በእኛ ከተማ አየር ሜዳ ላይ አይተውም። ይደርቅና ጥጉ ይነሣል፣ ቅጠል ከቅጠል ይጣበቃል። እኔ ከነማሸጊያው አስተኝቼ ነው የማስቀምጠው፣ ለዕለቱ የሚበቃኝን ብቻ እያወጣሁ።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገው ያቺን ዓረፍተ ነገር እንድታርሙልኝ ነው። ወረቀት አስመጪዎችም ጋዜጣችሁን የሚያነቡ ከሆነ፣ ከፏፏቴውና ከበቀቀኑ ጎን «ለኢንክጄት» ወይም «ለሌዘር» የሚል ቃል በአማርኛ ቢጨምሩበት አንድ መስመር ነው። ጀርባው ፕላስቲክ ይኑረው አይኑረው ቢጽፉ ደግሞ እኔም ውሃ ይዤ በየሱቁ ባልዞርኩ።

ይህን ደብዳቤ ያተምኩት በኢንክጄት፣ በ80 ግራም ወረቀት፣ በአንድ ፊት ብቻ ነው። ሦስት ቅጠል ነው። ሚዛን ካላችሁ 15 ግራም ሊመጣላችሁ ይገባል፤ ከጎደለ ጻፉልኝ፣ ነጋዴው ጋ ተመልሼ እሄዳለሁ።

የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ከዚራ፣ ድሬዳዋ