ለፕላስቲክ ቁልፍ ይህን ያህል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

«ለፕላስቲክ ይሄን ሁሉ ገንዘብ?» የሚል መልእክት በየጊዜው ይደርሰናል። አንዳንዱ ቀልድ ቢጤ ነው፤ አንዳንዱ የምር ቅሬታ። ሁለቱም አያስከፋንም። ከነገመዱ ከነሳጥኑ የተሟላ ኪቦርድ በርካሽ ይገኛል። እኛ ደግሞ ከቁልፉ ላይ ለሚነቀለው ቆብ፣ ለኪካፑ ብቻ፣ የዚያን ኪቦርድ ብዙ እጥፍ እንጠይቃለን። ይህ በርግጥም ማብራሪያ ይፈልጋል።

ፕላስቲኩ ራሱ ርካሽ ነው። የአንድ ሙሉ ስብስብ ኪካፕ ሚዛን ላይ ቢወጣ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ ገንዘባችሁ የሚሄደው ለጥሬ ዕቃ አይደለም። ፋብሪካው ገና አንድ ቁልፍ እንኳን ሳያመርት ለሚያወጣው የዝግጅት ወጪ ነው። ያንን ወጪ የሚካፈሉት ሰዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው። አውቶቡስ ኮንትራት ስትይዙ ሃምሳ ሰውም ተሳፈረ አምስት፣ የመኪናው ሒሳብ ያው ነው፤ የሚለያየው የየሰዉ ድርሻ ነው። ተራ ኪቦርድ የሚሠራ ትልቅ ኩባንያ መኪናውን ሞልቶ ለዓመታት ያመላልሳል። እኛ የምንሸጠው ዓይነት ስብስብ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለጥቂት መቶ ወይም ለጥቂት ሺህ ሰው ይሠራል። ከዚያ ማሽኑ ወደ ሌላ ሥራ ይዞራል።

የዝግጅት ወጪ ያልነው በመጀመሪያ ሞልዱን (የቁልፉን ቅርጽ ማውጫ) ነው። ኪካፕ የሚሠራው የቀለጠ ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ሞልድ ሲገፋ ነው። ሞልዱ ከጠንካራ ብረት በጥንቃቄ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ ሙሉ ስብስብ የሚያወጣ ሞልድ ማሠራት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል። ጥንቃቄው ለጌጥ አይደለም። ኪካፑ ከሥር ስዊቹን (ቁልፉ መጫኑን ለኪቦርዱ የሚያስተላልፈውን ክፍል) የሚጨብጥበት የመስቀል ቅርጽ ያለው ቀዳዳ አለው። ይህ ቅርጽ የመጣው ቼሪ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካወጣው ኤምኤክስ ስዊች ሲሆን፣ ዛሬ አብዛኛው ሜካኒካል ኪቦርድ (ለየቁልፉ የራሱ ስዊች ያለው) እሱኑ ይከተላል። ቀዳዳው በሚሊ ሜትር መቶኛዎች ሰፋ ካለ ኪካፑ ይወላገዳል። ከጠበበ ደግሞ ወይ አልገባ ይላል፣ ወይ ስትነቅሉት ስዊቹን ጎትቶ ይወጣል።

በዚያ ላይ ቁልፎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። በብዙዎቹ ስብስቦች ላይ ቁመታቸውና ዘንበል ማለታቸው ከረድፍ ረድፍ ይለያያል፤ ጣት ወደ ላይም ወደ ታችም ሲዘረጋ እንዲመቸው። ከላይኛው ረድፍ አንዱን አንስታችሁ ታችኛው ላይ ብትተክሉት ወዲያው ጣታችሁ ያውቀዋል። ስለዚህ ለየረድፉ የተለየ ቅርጽ ያስፈልጋል።

የዋጋው ልዩነት ይበልጥ የሚሰፋው ግን ፊደሉ ላይ ነው። በተራ ኪቦርድ ላይ ፊደሉ ከላይ የታተመ ቀለም ወይም በሌዘር የተጻፈ ነው። ደብል ሾት በሚባለው አሠራር ግን ፊደሉ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ፕላስቲክ ነው። አንዱ ፕላስቲክ የቁልፉን ገላ ይሠራል፣ ሌላው ፊደሉን፤ በሁለት ዙር ተገፍተው አንድ አካል ይሆናሉ። ለዚህ ነው ዓመታት ብትጽፉበትም ፊደሉ የማይጠፋው። ጣጣው፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ብረት ይፈልጋል። ለ«ኤ» የተሠራው ለ«ቢ» አይሆንም። አዲስ ምልክት፣ አዲስ ሥዕል ወይም ከላቲን ውጭ የሆነ ፊደል ይጨመር ሲባል አዲስ ብረት ይፈልፈል ማለት ነው። እንደ «ኦ» መሃላቸው የተዘጋ ፊደሎች ሲሆኑ ሥራው ይብሳል። በአንዳንድ ርካሽ ደብል ሾት ላይ ፊደሎቹ እዚህም እዚያም ቁርጥ ቁርጥ ብለው የምታዩዋቸው በዚህ ምክንያት ነው። የጀርመኑ ኪካፕ አምራች ጂኤምኬ በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ቀድሞ የቼሪ የነበሩትን የደብል ሾት መሣሪያዎች ተረክቦ ስለሚሠራባቸው ነው። ብረቱ በእጁ ነበር። ለጀማሪ ፋብሪካ ግን ሁሉም ከዜሮ ነው።

ሌላው መንገድ ዳይ ሰብሊሜሽን ይባላል። ልዩ ቀለም በከፍተኛ ሙቀት ወደ ጋዝነት ተለውጦ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል። ከላይ የተቀባ ስላልሆነ እሱም አይላጥም። ለአዲስ ዲዛይን የሚቀየረው ብረቱ ሳይሆን የሥዕሉ ፋይል ነው፤ ስለዚህ ዋጋው በጣም ይወርዳል። ድክመቱ፣ የሚሰርገው ቀለም ከፕላስቲኩ የጠቆረ መሆን አለበት። ጥቁር ቁልፍ ላይ ነጭ ፊደል ማሳረፍ አይቻልም። ነጭ ፊደል ከተፈለገ ነጩን ፕላስቲክ ይዞ፣ ፊደሉን ትቶ ዙሪያውን በሙሉ ማቅለም ነው፤ ያ ደግሞ ተመልሶ ያስወድዳል። የእኛን ምክር ከጠየቃችሁ፣ በጀታችሁ ጠበብ ካለ ፒቢቲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ወፍራም የዳይ ሰብሊሜሽን ስብስብ ግዙ። ከእኛም ይሁን ከሌላ። ለመጻፍ ምንም አይጎድለውም።

ፒቢቲን ካነሳን አይቀር፣ ስለ ሁለቱ የኪካፕ ፕላስቲኮች «ፒቢቲ ጥሩ፣ ኤቢኤስ ርካሽ» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ኤቢኤስ በጣት ንክኪ ብዛት ይብለጨለጫል፤ ይህ ልክ ነው። ፒቢቲ ለዚያ ይበልጥ ይቋቋማል። ግን ፒቢቲ ሲቀዘቅዝ አብዝቶ ይኮማተራል፣ ረጃጅም ቁልፎችም ይጎብጣሉ። የፋብሪካ ሰዎች ስፔስ ባር ሲባል የሚያማርሩት ለዚህ ነው። የጎበጠው ይጣላል፤ የተጣለውን የሚከፍለው ቀጥ ብሎ የወጣው ነው። ቁልፉ ሁሉ ፒቢቲ ሆኖ ስፔስ ባሩ ብቻ ኤቢኤስ የሆነ ስብስብ ካጋጠማችሁ አምራቹ ከዚህ ጣጣ ሸሽቶ ነው።

ቀለሙም ሒሳብ አለው። ስክሪን ላይ የምታዩት ቀለም ብርሃን ነው፤ ፕላስቲክ ብርሃን አያወጣም። ስለዚህ ፋብሪካው ትንንሽ የናሙና ቁራጮች ይልካል። ዲዛይነሩ በፀሐይም በአምፖልም ያየውና «ትንሽ ይቅላ»፣ «ትንሽ ይደብዝዝ» ብሎ ይመልሳል። ይህ መመላለስ ወራት ይበላል። ያው የቀለም ቁጥር በኤቢኤስ ላይና በፒቢቲ ላይ አንድ ሆኖ አይወጣም። ማሽኑ ከጥቁር ወደ ነጭ ሲዞር ደግሞ የቀደመው ቀለም ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ ድረስ ፕላስቲክ ይጣላል፣ ሰዓትም ይባክናል። አምስት ቀለም ያለው ስብስብ ከሁለት ቀለሙ ይልቅ ዋጋው የሚንረው ስለሚያምር ብቻ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ሰው የማይገምተው ወጪ ግን አለ። የማትጠቀሙበት ቁልፍ ነው።

መደበኛው የአሜሪካ አቀማመጥ 104 ቁልፍ አለው። የአውሮፓው 105 ነው፤ ኤንተሩም ቅርጹ ሌላ ነው። ሁለት ጎረቤት ቁልፎች ከመሃል እስከ መሃል 19.05 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ይህ 1 ዩኒት ይባላል። ስፔስ ባር በአብዛኛው 6.25 ዩኒት ነው፤ አንዳንዱ ኪቦርድ ላይ ግን 7 ይሆናል። የቀኙ ሺፍት 2.75 ነው፤ በትንንሾቹ ኪቦርዶች ላይ ወደ 1.75 ያጥራል። ኪቦርዱ መሃል ላይ ለሁለት የተከፈለ ሰው ሁለት አጫጭር ስፔስ ባር ይፈልጋል። ባክስፔሱን ለሁለት የሰነጠቀ አለ። ካፕስ ሎክ ቦታ ላይ ኮንትሮል ያደረገ አለ። የፊደሎቹን ቅደም ተከተል ራሱ የቀየረ አለ፤ ረድፉ ሲለያይ ቅርጹም ስለሚለያይ ለእሱ ሌላ ፊደል መሥራት ያስፈልጋል።

ለእነዚህ ሁሉ ይሁን ሲባል የዋናው ሳጥን ቁልፍ ከ104 አልፎ 140፣ 150 ይደርሳል። የእናንተ ኪቦርድ 60 ምናምን ቁልፍ ያለው ከሆነ ከግማሽ በላዩ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ግን ከፍላችሁበታል። «ታዲያ ለምን ለየብቻ አትሸጡም?» ትሉናላችሁ። እንሸጣለን። ነገር ግን ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ንዑስ ስብስብ የየራሱን ዝቅተኛ የትዕዛዝ መጠን ይጠይቃል። ገዢው በተከፋፈለ ቁጥር አንዱም መጠኑን ሳይሞላ ይቀራል። ሁሉን አንድ ላይ ብናደርገው ብዙዎች ለማይፈልጉት ይከፍላሉ፤ ብንበታትነው ጥቂቶች ጭራሽ ሳያገኙ ይቀራሉ። ከዚህ የሚያወጣ ጥሩ መንገድ እስካሁን አላየንም፤ ያገኘ ሰው ቢነግረን ደስ ይለናል።

ዝቅተኛው መጠን መሙላት ስላለበት ነው ግሩፕ ባይ የሚባለው አሠራር የተለመደው። ሰው አስቀድሞ ይከፍላል፣ ቁጥሩ ሲሞላ ፋብሪካው ወረፋ ያስይዛል፣ ዕቃው ከወራት በኋላ ይደርሳል። ከዓመት በላይ የቆየም አለ። የፋብሪካዎቹ ቁጥር ጥቂት ስለሆነ ወረፋው ራሱ ረጅም ነው። በየቦታው ገንዘብ ሰብስበው ዕቃውን ሳያደርሱ የጠፉ ሻጮች ስለነበሩ የምትሰጉትም ያለምክንያት አይደለም። ናሙናው ታይቶ ቀለሙ ሳይጸድቅ ገንዘብ የማንቀበለው ይህን ስለምንረዳ ነው። ትዕዛዙ አንድ ወር ይዘገያል፤ እንቅልፍ ግን ይሰጣል። ለእኛም ለእናንተም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የዲዛይነሩ ድርሻ፣ ቁልፎቹን በእጅ ለይቶ ማሸግ፣ ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የክፍያ አገልግሎት ክፍያ ይጨመራሉ። የእኛ ትርፍም አለበት፤ ያለ ትርፍ ነው የምንሠራው ብንላችሁ ማን ያምነናል።

አንዱ ብቻ በአንድ ሙሉ ስብስብ ዋጋ ስለሚሸጠው፣ አርቲዛን ስለሚባሉት ኪካፖች የሚጠይቁንም አሉ። እነሱ ሌላ ዓለም ናቸው። አንድ ሰው ቅርጹን በእጁ ቀርጾ፣ የሲሊኮን ሞልድ አውጥቶ፣ ሬዚን (ፈሶ የሚጠነክር ፈሳሽ) ቀለም በቀለም እያፈሰሰ የሚሠራቸው ናቸው። አረፋ እንዳይገባበት ግፊት ባለው ዕቃ ውስጥ ይደርቃል፤ ሲሊኮኑም ከተወሰነ ዙር በኋላ ያልቃል። የእጅ ሥራ ዋጋ ነው፤ የወደደ ይገዛዋል። ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ሰማይ የሚነካው ዋጋ ግን ከሠሪው ጋር ምንም አያገናኘውም። ያ የሰው ጉጉት ነው። በተለይ ጀማሪዎች እዚያ ገበያ ላይ ባትቸኩሉ እንመርጣለን።

ኮፒውንስ? የቀለም ቅንብሩን ከሌላ ሰው ወስደው በሩብ ዋጋ የሚሸጡ አሉ። የናሙና መመላለሱን አልከፈሉም፣ ዲዛይነሩንም አልከፈሉም፣ ስለዚህ ይረክሳሉ። የቁልፍ ቅርጽን መከተል ችግር የለውም፤ ሁላችንም የቼሪን እየተከተልን ነው። የሰው የወራት ሥራ የሆነውን የቀለም ቅንብር እንዳለ መገልበጥ ግን አይጥመንም። እኛ አንሸጠውም። የገዛችሁትን ግን አንወቅስም።

ከሚቀጥለው ስብስብ ጀምሮ ዋናውን ሳጥን አነስ እናደርገዋለን፤ የአውሮፓው አቀማመጥና ልዩ ልዩ ስፔስ ባሮች ለየብቻ ይሆናሉ። መጠኑን ላልሞላው ክፍል የከፈላችሁት ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ነገር እንለምናችሁ፦ የኪቦርዳችሁን የታችኛውን ረድፍና የቀኙን ሺፍት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። ስፔስ ባሩ 6.25 ይሁን 7 ከፎቶው እንለየዋለን፤ የትኛው ሳጥን እንደሚበቃችሁና የትኛውን መግዛት እንደማያስፈልጋችሁም እንነግራችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቃችን ባልደረቦች