የፍሳሹ ኮሚቴ ኃላፊ፣ ቀነ ገደብና የነዋሪ ወንበር ይኑረው

የፍሳሽ አገልግሎት ለሚሰጠን መሥሪያ ቤት
ደሴ

ጉዳዩ፦ ተቋቁሞ ስለቀረው የፍሳሽ ኮሚቴ ቅሬታ ስለማቅረብ

እኛ ከቁልቁለቱ በታች የምንኖር የደሴ ነዋሪዎች ነን። ክረምት ሲገባ የላይኛው ሰፈር ፍሳሽ በእኛ ደጅ ነው የሚወርደው። አምና ይህንኑ አመልክተን «ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ታገሡ» ተባልን። ታገሥን። ኮሚቴው መጣ፣ አየ፣ በሜትር ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወሬውም የለም።

የዲቹ፣ የፍሳሽ ቦዩ፣ ክዳን ዛሬም እንደተሰበረ ነው። ሰው እንዳይገባበት ብለን ቅርንጫፍ ሰክተንበታል። ዝናብ ሲጥል ፍሳሹ ከዲቹ ገንፍሎ በድንጋዩ ደረጃ ይወርዳል። ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያው ደረጃ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጎርፍ ጠብቆ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ይለቅብናል። ጥፋት ነው፣ አንደግፈውም። ግን ጉድጓድ የሚመጥጠው ቦቴ መኪና ወረፋና ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ። እንጀራ የምትሸጥ ጎረቤታችን በየጠዋቱ ደጇ ላይ አመድ ትነሰንሳለች። ሽታው ግን አልለቅ ብሏታል፤ ደንበኞቿም እየራቁ ነው።

ኮሚቴ መቋቋሙን አንቃወምም። ፍሳሽ የአንድ ቢሮ ሥራ አይደለም። ዲቹ የማዘጋጃ ቤት ነው፣ ቦቴው የእናንተ፣ ጉድጓዱ የባለቤቱ፣ ተቅማጡ ሲመጣ የጤና ጣቢያው፣ ወንዙ ሲበከል የአካባቢ ጥበቃው። አንድ ላይ ካልተቀመጡ አንዱ ወደ ሌላው ይገፋል። ቅሬታችን አወቃቀሩ ላይ ነው። አባላቱ በሥራ መደባቸው ይመደባሉ። ኃላፊው አልተመቸውም ተብሎ ተወካይ ይመጣል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ሌላ ተወካይ። ባለፈው የተወሰነውን የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ሰብሳቢው ሲዛወር ኮሚቴውም አብሮት ይጠፋል። በጀት ስለሌለው ክዳን ይለወጥ ብሎ ቢወስን እንኳ ገንዘቡ ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፍሳሹ ቤቱ የሚገባበት ሰው ኮሚቴው ውስጥ አለመኖሩ ነው።

ይህ የልመና ጉዳይ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢ መብታችን መሆኑን ይናገራል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲታቀድና ሲፈጸም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያደርጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የከተማ አስተዳደሮች ቆሻሻ መሰብሰቡን፣ መጓጓዙንና ጉዳት በማያደርስ መንገድ መወገዱን እንዲያረጋግጡ ያዛል።

ነገሩ በእኛ ሰፈርም አያበቃም። ከደጃችን የወረደው ቦርከና ወንዝ ይገባል። ቦርከና ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ በከሚሴ በኩል አልፎ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል። በመንገዱ ከብት ይጠጣዋል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማበታል። ያ ሽንኩርት ተመልሶ ደሴ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ ኮሚቴው ውስጥ ከኮምቦልቻ በኩልም ሰው ሊኖር ይገባል እንላለን። ውሃው ወረዳ አይለይም።

የምንጠይቀው ኮሚቴው እንደገና በደብዳቤ እንዲቋቋም ነው። ደብዳቤው ላይ የእያንዳንዱ አባል ስም ይጻፍ እንጂ መሥሪያ ቤቱ ብቻ አይጻፍ። ምን መወሰን እንደሚችል፣ ገንዘቡ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣና ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ይገለጽ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ሥራ ተለይቶ ይቀመጥ፤ በሐምሌ የሚጀመር የዲች ጠረጋ ለእኛ ምንም አይፈይድም። ከሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) ሁለት ሰው ይግባ፣ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ አመዱን የሚነሰንሱት ሴቶች ናቸው። ቃለ ጉባኤው ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የቦቴው ወረፋና ታሪፍም አብሮ ይለጠፍ፣ ሰው ተራውን አውቆ ይጠብቅ። አቅም ለሌለው ቤተሰብ ምን እንደታሰበም ንገሩን። ይህ ካልታሰበ በጎርፍ መልቀቁን በቅጣት ብቻ ማስቆም አይቻልም።

ምላሻችሁን በጽሑፍ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። በአዋጁ መሠረት ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ብለን በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘን ፍርድ ቤት የመሄድ መብት አለን። እዚያ ሳንደርስ ቁጭ ብለን ብንጨርሰው እንመርጣለን። ለስብሰባው ቦታ ከቸገረ የቅሬያችን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከዲቹ አጠገብ እንተክለዋለን።

ከሰላምታ ጋር
የሰፈሩ ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት
ለሰፈሩ ቅሬ